ሁለት ቤን፣ ዘጠኝ ሰው

ማኒላ ውስጥ ተሳፋሪ የማይጭን አንድ አውቶቡስ አለ። ዊሽ 107.5 የሚባል የኤፍኤም ጣቢያ ውስጡን ስቱዲዮ፣ ጎኑን መስታወት አድርጎ ጎዳና ዳር ያቆመዋል። ዘፋኙ ውስጥ ሆኖ ይዘፍናል። መንገደኛው ውጭ ቆሞ ያያል። ቅጂው ዩቲዩብ ላይ ይለቀቃል። ዛሬ ስማቸው የገነነ ብዙ የፊሊፒንስ ዘፋኞች በዚህ አውቶቡስ አልፈዋል።

አንድ ድምፃዊ ጊታሩን ይዞ ሲገባ አውቶቡሱ ሰፊ ነው። ቤን ኤንድ ቤን የሚባለው ባንድ ሲገባ ግን ነገሩ የበዓል ዋዜማ ሚኒባስ ይመስላል። ዘጠኝ ናቸው። የሁለቱ ድምፃውያን ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ቫዮሊን፣ ድራም፣ በዚያ ላይ ሁለት ፐርከሽን፣ ማለትም ከድራሙ ሌላ በምት የሚጫወቱ መሣሪያዎች። ቪዲዮውን መጀመሪያ ሳየው ወደ አእምሮዬ የመጣው ስለ ሙዚቃው አልነበረም። «እነዚህ ልጆች ገንዘቡን እንዴት ነው የሚካፈሉት?» አልኩ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ጥያቄ ነው። የሚጫወቱት ፎክ ነው፤ ፎክ ሙዚቃ ደግሞ በባህሪው ርካሽ ሙዚቃ ነው። ጊታር ያለው ሰው ብቻውን ይጀምረዋል፤ ብቻውን ይዞት ይዞራል። የባንዱ ሁለት ድምፃውያን መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለት ሆነው መኖር ሲችሉ ዘጠኝ ሆኑ። ከዚያም ሳይበተኑ የአገራቸው ትልቁ ባንድ ከሚባሉት አንዱ ሆኑ። እንዴት ሆነላቸው? ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መንታዎቹ

ፓኦሎ ቤንጃሚን ጊኮ እና ሚጌል ቤንጃሚን ጊኮ መንታ ናቸው። ሁለቱም በስማቸው መሐል «ቤንጃሚን» አለ። መጀመሪያ ለሁለት ሲዘፍኑ ራሳቸውን «ዘ ቤንጃሚንስ» ብለው ጠሩ። ከዚህ የቀለለ የስም አወጣጥ አላውቅም።

ሰው ጆሮ የገቡት በውድድር በኩል ነው። በ2016 «ቲናታንጊ» የሚል ዘፈናቸው ፊልፖፕ በሚባለው የዘፈን ደራሲዎች ውድድር ለመጨረሻው ዙር አለፈ። ቃሉ በማኒላው ቋንቋ በታጋሎግ ውድ፣ ከሁሉ የተለየ እንደማለት ነው። ፊልፖፕ እኛ በቴሌቪዥን የለመድነው ዓይነት የድምፅ ውድድር አይደለም። የሚወዳደረው ዘፈኑ ነው። ዳኞች የሚመዝኑት ግጥሙንና ዜማውን ነው፤ ደራሲው ዘፈኑን ለሌላ ድምፃዊ አሳልፎ መስጠትም ይችላል።

ፊሊፒንስ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ውድድር ሥር ያለው ባህል ነው። በ1978 በመጀመሪያው የሜትሮ ማኒላ የዘፈን ፌስቲቫል ላይ ፍሬዲ አጊላር የሚባል ጸጉረ ረጅም ባለ ጊታር «አናክ» የሚል ዘፈን ይዞ ቀረበ። «ልጄ» ማለት ነው። አንደኛ አልወጣም። ዘፈኑ ግን ከአገሩ ወጥቶ ዓለምን ዞረ፤ በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ። የዚያን ዓመት አንደኛውን የወሰደው ራያን ካያብያብ ነበር። ይኸው ሰው ከሠላሳ ከምናምን ዓመት በኋላ የፊልፖፕ መሪ ሆነ። እንግዲህ የጊኮ መንታዎች የገቡበት በር ቀድሞም ብዙ ሰው ያለፈበት ነው። ግጥም የሚጽፍ ሰው በዚያ አገር ወረፋ የሚይዝበት ቦታ አለው።

መንታዎቹ በ2016 ሌላም ነገር አደረጉ። ሰው ጨመሩ። ፖች ባሬቶ በሊድ ጊታር፣ አግነስ ሬኦማ በቤዝ፣ ፓት ላሳተን በኪቦርድ፣ ኪፈር ካቡጋኦ በቫዮሊን፣ ጃም ቪያኑዌቫ በድራም፣ ቶኒ ሙኞስና አንድሩ ዴ ፓኖ በፐርከሽን። ቤዙን፣ ድራሙንና ከሁለቱ ፐርከሽን አንዱን የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው። ኪቦርዱም እንዲሁ። የባንዱ ምት በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው ማለት ነው። ባንዱን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ብዙም አያነሱትም። ለምደውታል መሰለኝ።

ስሙም ተቀየረ፤ ግን በሚያስቅ መንገድ። ሁለት ሳሉ በብዙ ቁጥር «ቤንጃሚኖቹ» ነበሩ። ዘጠኝ ሲሆኑ «ቤን ኤንድ ቤን» ተባሉ። ሰባቱ ስም የላቸውም። ከሰባቱ አንዱ ብሆን ቅር ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። እነሱ ግን በዚህ ስም በ2016 መጨረሻ የመጀመሪያ አጭር አልበማቸውን አወጡ።

ዘጠኝ ሰው ምን ያደርጋል?

ዘፈኖቻቸውን ደጋግሞ የሰማ ሰው አሠራሩን ይደርስበታል። ሲጀመር ሁልጊዜ ትንሽ ነው። አንድ ጊታር በጣት ይነካል። አንደኛው መንታ ይገባል፤ ሁለተኛው ከሥሩ ያጅበዋል። ድምፃቸው በጣም ስለሚመሳሰል ሁለት ሰው መሆኑ ወዲያው አይለይም። አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚዘፍን ይመስላል። ይህን ስልጠና አይሰጥም፤ እናት ነች የምትሰጠው።

ከዚያ ቫዮሊኑ ይመጣል። ቤዙ ይከተላል። ድራሙ ገና ነው። አዝማቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ምቱ ይገባል፤ መጨረሻ ላይ ዘጠኙም አፋቸውን ይከፍታሉ። በዚያን ሰዓት ዘፈኑ የባንድ መሆኑ ቀርቶ የሠርግ ቤት ይመስላል። ቁጥሩ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ዘጠኝ ሰው አብሮ ሲዘፍን ሲሰማ አሥረኛ መሆን ያምረዋል። አንድ ሰው ብቻውን ሲዘፍን ግን ዝም ብለህ ታዳምጠዋለህ።

ይህ ዘዴ ድክመትም አለው። ሁሉም ዘፈን ወደ ትልቅ ማዕበል ሲያድግ፣ አድማጩ ማዕበሉን ከሩቅ ማየት ይጀምራል። «አሁን ድራሙ ይገባል» ትላለህ፤ ይገባል። በተለይ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ይሰለቻል።

ግጥማቸውን ለመረዳት አንድ የታጋሎግ ቃል ያስፈልጋል፤ «ሁጎት»። ቀጥታ ትርጉሙ ከውስጥ ስቦ ማውጣት ነው። የፊሊፒንስ ወጣቶች ከሆድ ለወጣች፣ በፍቅር ለተጎዳ ሰው ለምትስማማ ንግግር ስም አድርገውታል። ቤን ኤንድ ቤን ሲነሱ አገሩ በሁጎት የተጥለቀለቀበት ጊዜ ነበር። ፊልሙ ሁጎት፣ የቲሸርት ጽሑፉ ሁጎት፣ ቀልዱ ሁጎት። የእኛ ትዝታ በቅኝት የታሰረ፣ ዕድሜ ያለው ነገር ነው፤ ሁጎት የከተማ ልጅ ነው፣ ሲያስለቅስ እንኳ ትንሽ ይቀልዳል። የሚገናኙበት ቦታ ግን አላቸው። ሁለቱም የሄደውን ሰው እንዲመለስ አይለምኑም። መሄዱን ደጋግመው ይቆጥራሉ።

በ2017 የወጣው «ካታንግ ኢሲፕ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ርዕሱ የሐሳብ ፈጠራ፣ ልቦለድ እንደማለት ነው። ፍቅር ነው ብሎ ያመነው ነገር በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንደነበረ የገባው ሰው ነው የሚዘፍነው። «ሊቭስ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቁስል በጊዜ ስለሚድንበትና ይቅር ስለመባባል። ስፖቲፋይ ላይ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል።

ሁለት ቋንቋ መሆኑ ፊሊፒንስ ውስጥ ብርቅ አይደለም። አገሪቱ ከ1898 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በአሜሪካ እጅ ነበረች። እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ በታጋሎግ ላይ ከቆመው ብሔራዊ ቋንቋ ከፊሊፒኖ ጎን የሥራ ቋንቋ ነው። ለባንዱ ግን ሁለት በር ከፈተለት። የእንግሊዝኛው ዘፈን ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖር ያለውን ጆሮ ያመጣል። የታጋሎጉ አገር ቤት ያለውን ሆድ ይይዛል። አንዱን ብቻ የመረጡ ባንዶች ግማሽ ቤት ይዘው ቀርተዋል።

በፊልም በር

2018 ላይ ሁለት ፊልሞች ገፏቸው። አንዱ ስለ ወጣቱ ጄኔራል ግሬጎሪዮ ዴል ፒላር የተሠራው «ጎዮ» ነው። ለእሱ «ሱሲ» የሚል ዘፈን ሠሩ፤ «ቁልፍ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ኤክስስ ባጌጅ» የሚባል የፍቅር ፊልም ነው። በእሱ ውስጥ «ሜይቢ ዘ ናይት» ተሰማ። አንዱ የጦርነትና የታሪክ ፊልም፣ ሌላው የተለያዩ ፍቅረኞች ወሬ። በአንድ ዓመት በሁለቱም ውስጥ መገኘታቸው የሙዚቃቸውን ባህሪ ይናገራል። የት ብታስቀምጠው ስሜት ያበዛል።

ለገበያውም ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ፊሊፒናውያን የአገራቸውን የፍቅር ፊልም በሲኒማ ቤት ተሰልፈው የሚያዩ ሕዝቦች ናቸው። ሬዲዮ የማይከፍት ሰው እንኳ ሲኒማ ቤት ውስጥ ጨለማ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሳለ ዘፈኑ ይመጣበታል። ከዚያ በኋላ ማን ይረሳዋል?

ሊማሳዋ

የመጀመሪያው ሙሉ አልበም «ሊማሳዋ ስትሪት» በግንቦት 2019 ወጣ። 13 ዘፈኖች አሉት። አሳታሚው ሶኒ ሚዩዚክ ፊሊፒንስ ነው።

ሊማሳዋ ደቡብ ሌይቴ በሚባል የፊሊፒንስ ክፍለ ሀገር ያለች ትንሽ ደሴት ነች። መርከበኛው ማጄላን በመጋቢት 1521 ፊሊፒንስ ሲደርስ የመጀመሪያው የፋሲካ ቅዳሴ የተቀደሰው በእሷ ላይ ነው ይባላል። ቡቱአን የምትባል ከተማ «የለም፣ በእኔ ላይ ነው» ብላ ለዓመታት ተከራክራለች፤ የአገሪቱ የታሪክ ኮሚሽን ግን በ2020 እንደገና ለሊማሳዋ ፈረደ። እኛም ታቦቱ መጀመሪያ የት አረፈ፣ ንጉሡ የት ተቀቡ እያልን የምንጨቃጨቅ ሕዝቦች ስለሆንን ክርክሩ አይገርመንም። የዚያች ደሴት ስም ከተማ ውስጥ የጎዳና ስም ሲሆን ክብደቱ ይቀላል፤ የሰፈር ልጆች የሚቀጣጠሩበት ይሆናል። አልበሙም እንደዚያ ነው። ትልቅ ነገር አያወራም። ሰፈር ያወራል።

ከአልበሙ «ፓግቲንጊን» በጥር 2019 ቀድሞ የተለቀቀ ነው። ፍቅሩን ለመናገር ስለሚፈራ ሰው ነው። «አራው-አራው» ደግሞ «በየቀኑ» ማለት ነው። ዘፈኑ ፍቅር ስለመያዝ አያወራም። የያዝከውን ሰው በየማለዳው እንደገና ስለመምረጥ ነው። ለሠርግ የተቆረጠ ዘፈን ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ። ሶኒን ከመሰለ ኩባንያ ጋር የሚሠራ ባንድ ኢንዲ ይባላል ወይ? ኢንዲ ማለት ራሱን የቻለ፣ በትልቅ ኩባንያ ሥር ያልሆነ ማለት ነበር። በዚህ ሚዛን ከሄድን ከ2019 ጀምሮ ቃሉ አይመለከታቸውም። ፊሊፒንስ ውስጥ ግን ቃሉ የውል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአጨዋወት ስም ከሆነ ቆይቷል። አኩስቲክ ጊታር፣ ያልተጋነነ ድምፅ፣ ጂንስና ሸራ ጫማ ካለ ኢንዲ ነው። እኔ ይህ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ኩባንያ የያዘ ሁሉ ነፍሱን ሸጧል የሚለው ወሬ ነው። ዘጠኝ ሰው በነፍስ ብቻ አይበላም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ነው የማነሳው። ከአንድ ሥራ ወጪው ሁሉ ተነስቶ 90 ሺህ ፔሶ ተረፈ እንበል። ብቻውን የሚዘፍን ሰው 90 ሺውን ይዞ ይገባል። መንታዎቹ ብቻ ቢሆኑ 45፣ 45 ሺህ ነው። ዘጠኝ ሲሆኑ 10 ሺህ። ወጪው ደግሞ አይቀነስም፣ ይጨምራል። ዘጠኝ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ዘጠኝ አልጋ፣ ለዘጠኝ ሰው የሚበቃ የድምፅ መሣሪያ። ወደ አሜሪካ ሲሆን ዘጠኝ ቪዛ። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ለዘጠኝ ሰው ባንድ መካከለኛ ኑሮ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ቡና ቤት ውስጥ በየሳምንቱ እየዘፈነ መቆየት አይችልም፤ መድረኩም አይበቃው፣ ክፍያውም አይበቃው። ወይ ይተልቃል ወይ ይበተናል። ፊልሙም፣ ኩባንያውም፣ ሁለቱ ቋንቋም ከዚህ አንጻር ሲታዩ ግልጽ ይሆናሉ። ባንዱ ወደ ብዙኃኑ የሄደው ቁጥሩ ስለገፋው ነው ባይ ነኝ። ሁለት ሆነው ቢቀሩ ኖሮ ምናልባት የበለጠ እንግዳ፣ የበለጠ ዝግ ያለ ሙዚቃ ይሠሩ ነበር። የምናውቃቸውም ጥቂቶች እንሆን ነበር።

አንድ ቤት

በመጋቢት 2020 ማኒላን ጨምሮ የሉዞን ደሴት በኮቪድ ምክንያት ተዘጋ። የፊሊፒንስ መዘጋት በዓለም ላይ ከረጅሞቹ አንዱ ነበር። ኮንሰርት ቆመ። አዳዲስ ባንዶች ያደጉባቸው ትንንሽ ቤቶች አልተረፉም። ካቲፑናን ጎዳና ላይ ከ2005 ጀምሮ የነበረው ሩት 196 የተባለው ቤት በዚያው ዓመት ለዘለቄታው ዘጋ። ለማኒላ ባንዶች ያ ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደማለት ነበር።

መድረክ ላይ ለሚኖር ባንድ ይህ መርዶ ነው። ለዘጠኝ ሰው ደግሞ ሌላም ችግር አለው። ብቻውን የሚዘፍን ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ ስልኩን ደግፎ ይዘፍናል። ዘጠኝ ሰው በየቤቱ ተዘግቶ እንዴት ይለማመዳል? በኢንተርኔት እንሞክር ቢሉ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ዘግይቶ ይደርሳል፤ አብሮ መምታት አይቻልም።

መፍትሔያቸው ቀላልም እብደትም ነበር። አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ገቡ። ቤቱን «ፔብል ሃውስ»፣ የጠጠር ቤት አሉት። በማኅበር መኖርን የቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሻወር ማን ቀድሞ ይገባል? ሳህኑን ማን አጠበ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዜማ የመጣለት ሰው ማንን ይቀሰቅሳል? ብዙ ባንዶች የሚፈርሱት በጉዞ ላይ በአንድ መኪና ውስጥ ሲታመሱ ነው። እነዚህ መኪናውን ወደ ቤት አሳደጉት።

ውጤቱ ግን ተሰማ። በ2020 መጀመሪያ፣ ከመዘጋቱ በፊት፣ «ሳ ሱሱኖድ ና ሃባንግ ቡሃይ» የሚል ዘፈን አውጥተው ነበር። «በሚቀጥለው ሕይወት» ማለት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ስላልሆነ ፍቅር። ወራት ሳይቆይ ሰው ሁሉ ከሚወደው ሰው ተለይቶ ቤቱ ተቀመጠ። ዘፈኑ ያልታሰበበት ትርጉም አገኘ። በዚያ ዓመት ቤን ኤንድ ቤን ፊሊፒንስ ውስጥ ስፖቲፋይ ላይ ከአገር ውስጥ ሙዚቀኞች ሁሉ በብዛት የተደመጡ ሆኑ። መድረክ የሚባል ነገር በሌለበት ዓመት።

በነሐሴ 2021 ሁለተኛው አልበም መጣ፤ «ፔብል ሃውስ፣ ቅጽ 1፦ ኩዋደርኖ»። ኩዋደርኖ ደብተር ነው። 12 ዘፈኖች አሉት። ቤቱ የጠበበው አንሶ ሌላ እንግዳ ጠሩበት። ሞይራ ዴላ ቶሬ፣ ኬዚ ታንዲንጋን፣ ዚልድ፣ ሁዋን ካርሎስ፣ ሙኒሙኒ የተባለው ባንድ፣ የአንጋፋው ፓሮክያ ኒ ኤድጋር ድምፃዊ ቺቶ ሚራንዳ፣ የፖፕ ቡድኑ ኤስቢ19። ከሮክም፣ ከፖፕም፣ ከፎክም ነው የመጡት። ሰው መጨመር የዚህ ባንድ አመል ነው። ሲቸግራቸውም ሰው ይጨምራሉ፤ ሲደላቸውም ሰው ይጨምራሉ።

ከኤስቢ19 ጋር ያላቸው ነገር ለብቻው ይነሳ። ኤስቢ19 የኮሪያ ፖፕ በመሰለ ሥልጠና ያደጉ አምስት ወጣቶች ናቸው። የፎክ አድማጭ እንዲህ ያለውን ቡድን በንቀት ማየት ይቀናዋል። በ2021 ኤስቢ19 «ማፓ» የሚል ዘፈን አወጡ። ቃሉ ካርታ ማለት ነው፤ ደግሞም የማማና የፓፓ ግማሽ ግማሽ ተጣብቆ ነው። እናትና አባት የመንገድ ካርታ ሆኑ። ሰምና ወርቅ የሚወድ ሰው ፈገግ የሚልበት ነገር ነው። ቤን ኤንድ ቤን ያንኑ ዘፈን በባንድ ቅንብር አብረዋቸው እንደገና ሠሩት። ሁለቱ የአድናቂ ሰፈሮች የተዋወቁት በዚያ ነው። ለአልበሙ ደግሞ «ካፓንግያሪሃን» የሚለውን አብረው ዘፈኑ። «ሥልጣን» ማለት ነው። ፍቅር ብቻ ነው የሚያውቁት ለሚሏቸው ሰዎች ቆጣ ያለ መልስ ነበር። እኔ እንደ ዘፈን ከምርጦቻቸው ተርታ አስቀምጠዋለሁ፤ ማዕበሉ ለአንድ ጊዜ ምክንያት አገኘ።

ከሞይራ ጋር የሠሩት «ፓሳሉቦንግ» ግን በእኛ ቤት በኩል ያልፋል። ፓሳሉቦንግ ከሄደበት የተመለሰ ሰው ለቤተሰቡ ይዞት የሚመጣው ነገር ነው። «ምን ይዘሽልን መጣሽ?» የሚባለው። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ፊሊፒናውያን ከአገራቸው ውጭ ይኖራሉ ተብሎ ይገመታል። በዓመት የሚልኩት ገንዘብ ከ30 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት። የእኛም እህቶች ያሉት እዚያው ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ አንዷ ሦስተኛ ፎቅ ሌላዋ አምስተኛ ፎቅ ይሠራሉ። ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ቅልቅል ያወራሉ። አንደኛዋ ካርቶን ስትሞላ ሌላዋ ሻንጣ ትሞላለች፤ ሳሙናው፣ ሎሽኑ፣ ቸኮሌቱ፣ የልጁ ጫማ። ጫማው ሲደርስ የልጁ እግር አድጎ ይገኛል። ቤን ኤንድ ቤን ስለ መራራቅ ሲዘፍኑ፣ ዘፈኑ ከማኒላ ወጣቶች የፍቅር ጣጣ የሚሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። መለየት በዚያ አገር የቤት ዕቃ ነው።

ወደ ሰዎቻቸው

በ2022 በሮች ተከፈቱ። ባንዱ ወደ አሜሪካና ካናዳ ሄዶ ዞረ። አዳራሹን በብዛት የሞሉት እዚያ የሚኖሩ ፊሊፒናውያን ናቸው። ይህን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው አለ፤ «ዓለም አቀፍ ሆኑ ይባላል እንጂ የሚያዳምጣቸው የራሳቸው ሰው ነው» ይላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የአበሻ ኮንሰርት ያየ ሰው ግን ይህ ስድብ እንዳልሆነ ያውቃል። ለስምንት ዓመት አገሩን ያላየ ሰው ቲኬት ሲገዛ የሚገዛው ሙዚቃ ብቻ አይደለም። አዝማቹ ሲመጣ አጠገቡ ያለው የማያውቀው ሰው ቃሉን ሁሉ ያውቀዋል። ለዘጠኝ ሰው ባንድ ደግሞ ይህ አድማጭ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ያን ሁሉ ቪዛና ቲኬት የሚከፍለው እሱ ነው።

አድናቂዎቻቸው «ሊዋናግ» ይባላሉ፤ ብርሃን ማለት ነው። ስሙ በኋላ ወደ ሙዚቃው ራሱ ገባ። ሦስተኛው አልበም «ዘ ትራቨለር አክሮስ ዳይሜንሽንስ» በኅዳር 2024 ወጣ። በዓለማት መካከል የሚጓዝ ገጸ ባሕርይ አለው፤ ከጅምሩ እስከ ማብቂያው አንድ ታሪክ ለመተረክ የሚሞክር አልበም ነው። ከሁለተኛው አልበም ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት ከሥራቸው መሬቱ ተንቀሳቅሷል። ኤስቢ19ና ቢኒ የሚባሉት የፖፕ ቡድኖች የአገሩን ጆሮ ወስደዋል። ራፕ ገኗል። ሰፈሩን ትቶ ወደ ሌላ ዓለም የሚበር አልበም በዚያን ሰዓት ማውጣት ድፍረት ነው። በቅንብር ረገድ ከሦስቱ በጣም የተለፋበት እሱ ይመስለኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔ አሁንም የምመለሰው ወደ ደብተሩ ነው። ዘጠኝ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ሲጣበብ የወጣው ድምፅ ሰማይ ላይ ከሚበረው ይልቅ ይቀርበኛል።

ከእነሱ በኋላ የመጣው ነገር ግን የሚገርም ነው። በ2025 ከተራራማዋ ከተማ ከባጊዮ የመጣው ካፕ ኦፍ ጆ የተባለ ባንድ «ሙልቶ» በሚል የታጋሎግ ዘፈን በዓለም በብዛት የሚደመጡ ዘፈኖች የሚደረደሩበት የቢልቦርድ ግሎባል 200 ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። ሙልቶ መንፈስ፣ ጣረ ሞት እንደማለት ነው። ስለሄደ ፍቅር ነው፤ ሌላ ስለ ምን ሊሆን? እነሱም ብዙ ሆነው የሚዘፍኑ ልጆች ናቸው። በሁጎት የተነከረ፣ በታጋሎግ የተዘፈነ፣ በባንድ የተሠራ ሙዚቃ ብዙ ሕዝብ እንደሚሰበስብ ከቤን ኤንድ ቤን በኋላ ማንም አምራች መከራከር አልቻለም።

በታኅሣሥ 14 ቀን 2024 ቤን ኤንድ ቤን በማኒላ ባሕር ዳር በሚገኘው የሞል ኦፍ ኤዥያ አሬና ለአዲሱ አልበም ኮንሰርት አደረጉ። ቦታው ወደ 15 ሺህ ሰው በወንበር ይይዛል። መድረኩ ላይ ለዘጠኝ ሰው፣ ለሁለት ፐርከሽንና ለአንድ ቫዮሊን የሚበቃ ስፍራ ነበረ። የማንም ክርን ማንንም አልነካም።